ገመዱ ወለል ይንካ

ከራስጌዬ በላይ ቀይ ሲባጎ ሰቅለው፣
«አባ ቢያ፣ ሲጨንቅዎ ይቺን ይሳቡ» ብለው፣
ጫፏን ቋጥረው አሳዩኝ።
እኔም ሳቅሁባቸው፦
«ጥጃ ነኝ እንዴ በገመድ የምታስሩኝ?»

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ፍሬን ረግጬ፣
ከጅማ እስከ ቦንጋ ጭቃ አቋርጬ፣
የጎጀብን ቁልቁለት በሁለተኛ ማርሽ ወርጄ፣
ረዳቴ ሲያንኮራፋ ጎማ ፈትቼ አስሬ፣
«ድረሱልኝ» የምትል ቃል
ካፌ ወጥታ አታውቅም ነበር፤
ለአላህ እንኳ፣ ይቅር ይበለኝ፣
ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የምናገር።

ቤታችን ሰባት ክፍል ነው፣ አንድ በረንዳ፣
ከአዌቱ ድልድይ ትንሽ ወጣ ብሎ።
ሰባት ሲባጎ ከሰባት አልጋ ተነስቶ
በጣሪያው ስር፣ በምስማር ላይ እየተሳበ
ከተረኛዋ ክፍል፣ ሰባት ቃጭል ላይ ያልቃል።
መብራት ቢጠፋ ቃጭል አይጠፋም፤
ይሄን ያሰበው ማን እንደሆነ እንጃ፣ ግን ጅማን ያውቃል።

ሌሊት የምታድረው ረውዳ ናት፤
ቀን ነርሲንግ ትማራለች፣ ማታ እኛን ትጠብቃለች።
ቃጭሎቹን በድምፃቸው ትለያለች፦
የአንደኛው ቀጭን፣ የሦስተኛው ስንጥቅ፣
የእኔ፣ የአራተኛው፣ «ሰምቼው አላውቅ»
ትላለች፤ ትስቃለች።

ከግድግዳዬ ወዲያ፣ አምስት ቁጥር፣
እትዬ አልጣሽ አለች፤ የቴሌዋ።
የጅማ ስልክ በእጅ እየተሰካ በሚገናኝበት ዘመን
ነጋዴን ከደላላው፣ እናትን ከወታደር ልጇ
ያገናኘች፤ «ይጠብቁ፣ መስመር ላይ ነዎት» ስትል
ከተማው ሁሉ ድምጿን የሚያውቅ።
ዛሬ አንድ ጆሮዋ ደክሟል።
ሲመሽ ግድግዳውን ሁለቴ ትመታለች፦ «ሃሎ፣ አራት?»
እኔም ሁለቴ እመታለሁ፦ መስመሩ አለ።
ማንም ሳያዘን፣ እንዲህ ነው የምንተኛ።

የሐምሌ ሌሊት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወግራል፣
መብራት የለም፤ አዌቱ ያጓራል።
ዱብ የሚል ነገር ሰማሁ፣
ጆንያ ከመኪና ሲራገፍ እንደሚለው።
ቀጥሎ ምንም።
ቀጥሎ ከታች፣ ከወለሉ አጠገብ፣
አንድ። ቆይቶ አንድ። ጥፍር ይሁን ጉልበት እንጃ።
«አልጣሽ!» አልኩ። «አልጣሽ!»
ሁለት ዓመት እንደ ስም የጠራሁት
ያን ሌሊት ዱዓ ሆኖ ወጣ።

ልነሳ አልኩ፤ ጉልበቴ እምቢ አለ፣
ከዘራዬንም ጨለማው የት እንደጣለ!
ያኔ እጄ ሄደ። እኔ አላዘዝኩትም።
ሲባጎውን ጨበጠ፤
ጎጀብ ላይ መሪ እንደያዘ ሰው ሙጭጭ ብሎ ሳበ።
ያ ዕድሜውን ሙሉ ዝም ያለ አራተኛ ቃጭል
ጮኸ፣ ጮኸ።

ረውዳ ባትሪ ይዛ ስትበር መጣች፦
«አባ ቢያ! ምን ሆኑ? ደረትዎን ነው?»
«እኔ አይደለሁም! አምስት ነው! አምስት ቁጥር!»
ብዬ ጮህኩባት፣ እንደ ባለጌ ሾፌር።

መለዋወጫ ቁልፉ ከአንገቷ ነበር፤ ከፈተች።
ከዚያ ወዲያ ያለውን በግድግዳ ነው የሰማሁት፦
«አታንቀሳቅሺኝ» የምትል አሮጊት፣
«አላንቀሳቅስዎትም» የምትል ልጅ፣
ብርድ ልብስ ሲጎተት፣ ስልክ ሲደወል፣
ቆይቶ የአምቡላንስ ጎማ ጭቃ ላይ ሲሽከረከር።
እኔም ካልጋዬ ሆኜ
«የኋላ ማርሽ! ከስሩ ድንጋይ!» እያልኩ ነዳሁት።

በሰባተኛው ሳምንት ተመለሰች፣ ጭኗ ውስጥ ብረት ይዛ፣
ክራንቿን ተደግፋ፣ ሰላም እንኳ ሳትል፦
«ይሄን ገመድ ማነው ከላይ የሰቀለው?
የወደቀ ሰው ቆሞ ይጣራል እንዴ?
ወለል ይንካ! መታጠቢያ ቤትም ይግባ!
ስንቱን መስመር የዘረጋሁ ሴት
በአንድ ክንድ ገመድ እጥረት ልሙት?»

በማግስቱ አናጢው መጣ፤ ሰባቱም ረዘሙ።
የእኔው ጫፍ ላይ የድሮ መኪናዬን ቁልፍ አሰርኩበት።
መኪናው ተሽጧል፤ ቁልፉ ግን ገመዱን
ወደ ወለሉ ለመጎተት ይበቃል።

ባለፈው ሐሙስ ድካም ጣለኝና
ሳልመታላት ተኛሁ።
ስነቃ የረውዳ ባትሪ ዓይኔ ላይ ነው፣
ከግድግዳው ወዲያም ያ የቴሌ ድምፅ፦
«አራት ነው! እኔ አይደለሁም! አራት!»